ማዕድንን እጅግ አልሞ መፍጨትና ገደቡ፦ ከወሎ አንጻር

በዓለት ውስጥ የተበተነን ወርቅ፣ እርሳስ ወይም ዚንክ ከአቃፊው ድንጋይ ለማላቀቅ ማዕድኑ ይደቅቃል። የደቀቀው ቅንጣት መጠን የሚለካው በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ወሎ ውስጥ ወፍጮ ቤት የሚመላለስ ሰው መሠረቱን ያውቀዋል፤ ለእንጀራ የሚያልም ወፍጮ ለቅንጬ ከሚሸረክተው ይልቅ ያዘግማል፣ ድንጋዩም ቶሎ ቶሎ መወቀር ይፈልጋል። በዚህ ርዕስ በአማርኛ የተጻፈ ማጣቀሻ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ይህን ጽሑፍ በተለይ ኮምቦልቻ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩታችን ለሚማሩ ወጣቶች ይጠቅማል ብለን አሰናድተነዋል።

ለመፍጨት የሚያስፈልገውን ጉልበት ስሌት ተመራማሪዎቹ ሪቲንገር እ.ኤ.አ. በ1867፣ ኪክ በ1885፣ ቦንድ በ1952 አቅርበዋል። በቦንድ ቀመር የምርቱ ቅንጣት በግማሽ ሲያንስ ጉልበቱ 40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቅንጣቱ እጅግ ሲልም ግን እውነታው ወደ ሪቲንገር ቀመር ያደላል፤ ቅንጣቱ በግማሽ ሲያንስ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። ከሚፈጀው ኃይል ድንጋዩ ሲሰበር አዲስ የቅንጣት ገጽ ለመፍጠር የሚውለው አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው ይባላል፤ አሃዙ ግን እንደ አለካኩ ይለያያል።

ትልቁ ምሳሌ የአውስትራሊያው ማክአርተር ሪቨር ማዕድን ማውጫ ነው። የእርሳስና የዚንክ ክምችቱ እ.ኤ.አ. በ1955 ቢገኝም ማዕድናቱ እጅግ ደቃቅ ሆነው የተጠላለፉ ስለነበሩ አርባ ዓመት ያህል ሳይለማ ቆየ። የብረት ኳስ ወፍጮ ከ30 ወይም 40 ማይክሮን በታች ሲወርድ ኃይል ይበላል እንጂ እምብዛም አያልምም። መፍትሔው ማውንት አይሳ ማይንስ የተባለው የማዕድን ኩባንያ ኔትሽ ከተባለው የጀርመን ኩባንያ ጋር የሠራው አይሳሚል የተባለ ወፍጮ ነው። ይህ ወፍጮ በርሜሉ ሳይዞር፣ ውስጡ ያሉት ዲስኮች ጥቃቅን የመፍጫ ጠጠሮችን በከፍተኛ ፍጥነት ያማስላሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ሲጀመር 80 በመቶው ዱቄት ከ7 ማይክሮን በታች ወረደ። እውነትም ታላቅ የምህንድስና ድል ነው።

ከዚያ በታች ግን ችግሩ ይደራረባል። የዱቄቱና የውሃው ድብልቅ ይወፍራል፣ የላሙት ቅንጣቶች መልሰው ይጣበቃሉ፣ መፍጫዎቹም ያልቃሉ። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነ ቅንጣት ከአረፋ ጋር በቀላሉ ስለማይጋጭ በማንሳፈፍ፣ ማለትም ማዕድኑን በአየር አረፋ ላይ አጣብቆ ወደ ላይ በማውጣት፣ መለየቱም ይከብዳል። ኳርትዝ አንድ ማይክሮን አካባቢ፣ ካልሳይት ደግሞ ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ሲጫኑት ከመሰንጠቅ ይልቅ መተጣጠፍ ይጀምራል፤ ይህ በማሽን ጥራት ብቻ የማይታለፍ የቁሱ ባሕርይ ነው።

የወሎ ኩራት የሆነው የደላንታ ኦፓል ግን ወፍጮ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2008 ወገልጤና አካባቢ የተገኘው ይህ ድንጋይ ቀለሙን የሚያጫውተው ከአንድ ማይክሮን ባነሱ የሲሊካ ቅንጣቶች ድርድር ነው። በወሎ የማላም ጥበብ የሚታየው በሞራጆች እጅ ነው፤ የአልማዝ ዱቄትን ከሻካራው ወደ ደቃቁ ያፈራርቃሉ፣ አንዱን ደረጃ የዘለለ ጭረቱ ይቀርበታል። ሙቀት ስለሚሰነጥቀው በውሃ ይሞረዳል። ድንጋዩ ግን ውሃ ይመጥና ቀለሙ ለጊዜው ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥራቱና ዋጋው የሚወሰነው ቀስ ብሎ ከደረቀ በኋላ ነው።