ኦሙራ ሱሚታዳ፦ የተጠመቀው የጃፓን ባላባት

ኦሙራ ሱሚታዳ በደቡብ ምዕራብ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት ይገዛ የነበረ ዳይምዮ ነው። ዳይምዮ የራሱ ግዛትና ጦር ያለው ባላባት ነበር። ሱሚታዳ በ1563 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባለሟሎቹ ጋር ተጠመቀ። ያጠመቀው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማኅበር) ቄስ ኮስሜ ደ ቶሬስ ሲሆን፣ የክርስትና ስሙም በርተሎሜዎስ ተባለ። ከዳይምዮዎቹ መካከል ክርስትናን የተቀበለ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ለምን ተጠመቀ? ነገሩ ከንግድ ይጀምራል። የፖርቹጋል መርከቦች ከማካው የቻይና ሐር ጭነው ይመጡ ነበር። ጠመንጃም በእነሱ በኩል ይገኛል። በ1561 ግን በሂራዶ ወደብ ጠብ ተነስቶ ፖርቹጋሎች ተገደሉ፤ ሌላ ወደብ መፈለግ ጀመሩ። በኃይለኛ ጎረቤቶች የተከበበው ሱሚታዳ የዮኮሴኡራን ወደብ ሰጣቸው። ሚሲዮናውያኑና ነጋዴዎቹ አብረው ስለሚሄዱ፣ ቄሱን የተቀበለ መርከቡንም ያገኛል።

የቤተሰቡ ጉዳይም አለበት። ሱሚታዳ የአሪማ ቤት ልጅ ነው፤ ለኦሙራ ቤት የተሰጠው በጉዲፈቻ ነበር። እሱ አልጋ ወራሽ ሲሆን የቤቱ የአብራክ ልጅ ታካአኪ ወደ ጎቶ ቤት ተላከ። ቂሙ አልበረደም። ሱሚታዳ ከተጠመቀ በኋላ የአሳዳጊ አባቱን የመታሰቢያ ምስል እንዳቃጠለ ሚሲዮናውያን ጽፈዋል። ባለሟሎቹም ከታካአኪ ጋር አብረው አመጹ። ዮኮሴኡራ በዚያው ዓመት ነደደ።

ለጥቅም ብቻ ተጠምቆ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይተወው ነበር ባይ ነኝ። እሱ ግን በእምነቱ ጸና። መርከቦቹ በ1565 ወደ ፉኩዳ፣ በ1571 ደግሞ ያኔ ትንሽ መንደር ወደነበረችው ናጋሳኪ ዞሩ። በ1574 ግዛቱ በሙሉ እንዲጠመቅ አዘዘ። የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ፈረሱ፤ ያልተጠመቀ መነኩሴ ሀገር ለቆ ይሂድ ተባለ። የአፄ ሱስንዮስን ዘመን የሚያውቅ አንባቢ ይህ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም፤ ያኛውም የኢየሱሳውያን ሥራ ነበር።

በ1580 ደግሞ ናጋሳኪንና ሞጊን ለኢየሱሳውያን ማኅበር ሰጠ። ስሌቱ ብልጥ ነበር። ወደቡ በቤተ ክርስቲያን እጅ ከሆነ፣ ኃይለኛው ጎረቤቱ ሪዩዞጂ ታካኖቡ ሊነጥቀው ይከብደዋል። መርከብ የሚቆምበት ክፍያ ለማኅበሩ ሲገባ፣ የሸቀጡን ቀረጥ ግን ሱሚታዳ ለራሱ አስቀረ።

በ1582 በእሱና በሌሎቹ ክርስቲያን ዳይምዮዎች በኦቶሞ ሶሪንና በአሪማ ሃሩኖቡ ስም አራት ወጣቶች ወደ አውሮፓ ተላኩ። ሮም ደርሰው የካቶሊኩን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛን አገኙ። የተመለሱት በ1590 ነው። ሱሚታዳ ግን በ1587 ታሞ ሞቶ ነበር። የጃፓኑ ኃያል ገዥ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ሚሲዮናውያን ከጃፓን ይውጡ ብሎ ያወጀው እሱ በሞተ በሳምንታት ውስጥ ነው። ናጋሳኪንም ወሰደው። የሱሚታዳ ልጅ ዮሺአኪ ኋላ ክርስትናን ተወ። ክርስትና በተከለከለበት ዘመን፣ በ1657፣ በዚያው በኦሙራ ግዛት ከ600 በላይ ስውር ክርስቲያኖች ተያዙ፤ አብዛኞቹ ተገደሉ።