የተፈረመባቸው የእግር ኳስ ካርዶች

የተፈረመበት የእግር ኳስ ካርድ ፊቱ ላይ የተጫዋቹ ምስል፣ ጀርባው ላይ የጨዋታ ታሪኩ የታተመበትና ተጫዋቹ በገዛ እጁ የፈረመበት ወፍራም ወረቀት ነው። የዘመኑ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ 64 በ89 ሚሊ ሜትር ነው። ከሰብሳቢዎች ገሚሱ የወጣት ኮከቦችን የመጀመሪያ ዓመት ካርድ ገዝቶ ዋጋው ሲወጣ ይሸጣል፤ ገሚሱ ጫማቸውን የሰቀሉ ተጫዋቾችን ይሰበስባል። የበለጠ እውቀት የሚጠይቀው ሁለተኛው ነው፤ ይህ ዳሰሳም ያተኮረው በእሱ ላይ ነው።

ካርዱ በእንግሊዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ብቅ ብሎ ከሲጋራ ፓኮ ጋር ሲታደል ቆየ፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወረቀት እጥረት አስቆመው። በ1961 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጣሊያን ከተማ ሞዴና ያለው ፓኒኒ ኩባንያ የተጫዋቾች ምስልና አልበም ማሳተም ጀመረ፤ ለ1970ው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫም አልበም አወጣ። የተፈረመ ካርድ በፓኬት ውስጥ ደብቆ መሸጥ ግን ከቤዝቦል የመጣ ነው፤ በ1990 የአሜሪካው ካርድ አምራች አፐር ዴክ የቤዝቦል ተጫዋቹ ሬጂ ጃክሰን የፈረመባቸውን 2,500 ካርዶች በፓኬቶቹ መካከል በተናቸው።

የፋብሪካ ፊርማ፣ ማለትም አምራቹ አስፈርሞ በፓኬት የሚሸጠው፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ካርዱ ላይ በቀጥታ የተፈረመ ነው። ሁለተኛው ተጫዋቹ በግልጽ ስቲከር ላይ ፈርሞ በኋላ ካርዱ ላይ የሚለጠፍ ሲሆን፣ ለአምራቹ ይቀለዋል፤ ሰብሳቢ ግን ብዙም አይወደውም።

ራስ ለማስፈረም ዝግጅቱ ከፊርማው ይበልጣል። የሚያብረቀርቅ ካርድ ቀለም አይቀበልም፤ መስመሩ ይቆራረጣል ወይም ነጠብጣብ ይሆናል። ስለዚህ የሚፈረምበትን ቦታ በጥቂት የሕፃናት ፓውደር በስሱ አሽቶ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። እስክሪብቶ ወረቀቱን ያጎደጉዳል፤ የሚመረጠው ጫፉ ቀጭን የሆነ የማይለቅ ሰማያዊ ማርከር ነው፤ ጥቁር ከኅትመት ጋር ይመሳሰላል። ለጠቆረ ምስል የብር ቀለም ማርከር ይሆናል፤ ነገር ግን በደንብ ተወዝውዞ በቁራጭ ወረቀት ላይ ካልተሞከረ መጀመሪያ ላይ ቀለሙ ይዝረከረካል። ካርዱ ከፕላስቲኩ ወጥቶ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ መቅረብ አለበት። ከተፈረመ በኋላ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ማድረቅ ይገባል። በችኮላ ወደ ፕላስቲክ የተመለሰ ፊርማ ግማሹ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል።

በፖስታ የሚጠይቅ ሰው በክለቡ ወይም በተጫዋቹ ተቋም በኩል ይልካል፦ ካርዱን በሁለት ካርቶን መካከል፣ አጭር ደብዳቤ፣ የራሱ አድራሻ የተጻፈበትና ቴምብር የተለጠፈበት የመልስ ፖስታ። ቴምብሩ ተጫዋቹ ያለበት አገር ቴምብር ካልሆነ መልሱ አይላክም። በእጅ ያለች ብቸኛ ካርድ በፍጹም አትላክም።

ሐሰተኛውን ለመለየት መጀመሪያ 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይያዛል። የታተመ ፊርማ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ነው፤ እውነተኛው ቀለም ደግሞ ካርዱ በብርሃን ሲዘነበል ከላይ ተኝቶ ይታያል። ሁለት ፊርማዎች ሲደራረቡ ፍጹም ከገጠሙ የማሽን ሥራ ናቸው፤ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም። ቀጥሎ ዘመን ይመዘናል፤ ተጫዋቹ ካረፈ በኋላ በታተመ ካርድ ላይ በቀጥታ የተፈረመ ፊርማው ሊኖር አይችልም። ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤና ቤኬት የተባሉ የአሜሪካ ድርጅቶች ፊርማ እየመረመሩ ያረጋግጣሉ። ምስክር ወረቀታቸው የባለሙያ አስተያየት መሆኑ አይዘነጋ፤ ይሁንና ያለ እሱ ውድ ካርድ መሸጥ አስቸጋሪ ነው።

ፊርማን ብርቅ የሚያደርገው ዝና ብቻ አይደለም። የማንቸስተር ዩናይትድ ተጫዋቾቹ ዱንካን ኤድዋርድስና ቦቢ ቻርልተን በየካቲት 1958 ሙኒክ ላይ በተከሰከሰው አውሮፕላን ውስጥ ነበሩ። ኤድዋርድስ ከአደጋው 15 ቀን በኋላ በ21 ዓመቱ አረፈ፤ ለእንግሊዝ 18 ጊዜ ነበር የተሰለፈው። ቻርልተን ግን ለክለቡ 758 ጨዋታ አድርጎ 249 ግብ አስቆጠረ፣ በ1966 የዓለም ዋንጫ አነሣ፣ እስከ ጥቅምት 2023 ኖረ። የቻርልተን ፊርማ በቀላሉ ይገኛል፤ የኤድዋርድስን የያዘ ሰው ግን እንዲሁ አይለቀውም።

ለማስቀመጥ ፒቪሲ የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት የሌለበት መያዣ፣ ከፀሐይ የራቀ ደረቅ ቦታ ይበቃል። ካርድን ማስለበድ ወይም በላስቲክ ማሰር ማበላሸት ነው።

የካርዱ ጀርባ ሁልጊዜ አይታመንም። በጨዋታ ዘመኑ የታተመ ካርድ የሚያሳየው እስከዚያ ወቅት ያለውን ብቻ ነው። አንዳንዱ ቁጥር ደግሞ እንደ ቆጣሪው ይለያያል፦ ፔሌ ለብራዚል በ92 ጨዋታ 77 ግብ እንዳስቆጠረ በፊፋ ሲመዘገብ፣ የብራዚል ፌዴሬሽን ከክለቦች ጋር የተደረጉትንም ጨምሮ 95 ይላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰብሳቢ ከካርዱ ኋላ ትንሽ ወረቀት ያስገባል፤ የመጨረሻውን የጨዋታና የግብ ቁጥር፣ ማን እንደቆጠረው፣ ፊርማው የተገኘበትን ቀንና ቦታ ይጽፍበታል።