ከአረም ዘር የሚወጣ ዘይትና መድኃኒትነቱ፦ ከጅማ ሲታይ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ዝናቧ ብዙ ነው፤ አረሙም እንደዚያው። ክረምት ሲገባ ከቡና ማሳ እስከ ጓሮ አጥር ማንም ያልዘራው ነገር ይበቅላል። ገበሬው ነቅሎ ይጥለዋል። ልክ ነው፣ ሰብሉን ይሻማበታል። ግን የአንዳንዱ አረም ዘር ዘይት የቋጠረ ነው።

ከሁሉ የታወቀው ጉሎ ነው፤ በኦሮምኛ ቆቦ ይባላል። አጥር ጥግና ቆሻሻ መጣያ አጠገብ በራሱ ይበቅላል። ፍሬውን መዳፍ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ልሙጥና ዝንጉርጉር ነው፣ ደም የጠገበ መዥገር ይመስላል። የሳይንስ ስሙ ሪሲኑስም በላቲን መዥገር ማለት ነው። ከፍሬው ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። የዘይቱ አብዛኛው ክፍል ደግሞ ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው።

እናቶቻችን ጉሎን የሚያውቁት ከምጣድ ጋር ነው። ተቆልቶ ይወቀጥና አዲስ ምጣድ ይሟሽበታል። ዘይቱ ሲፈለግ የተወቀጠው በውሃ ይፈላና ላይ የሚንሳፈፈው ይገፈፋል። ላብራቶሪ ውስጥ ሥራው በመጭመቂያ ወይም ሄክሴን በሚባል ዘይት የሚያሟሟ ፈሳሽ ይሠራል።

የጉሎ ዘይት ሆድ ድርቀትን ያስለቅቃል። አንጀት ውስጥ ሲፈታ ሪሲኖሌይክ አሲዱ ጡንቻውን ያንቀሳቅሳል። ይህ የሚሆነው ኢፒ3 በሚባል፣ ሕዋስ ላይ ሆኖ መልእክት በሚቀበል ተቀባይ በኩል እንደሆነ በ2012 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ያው ተቀባይ ማህፀን ላይም አለ። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳታማክር በፍጹም መጠጣት የለባትም።

ፍሬው ራሱ ግን መርዝ ነው። ሪሲን የሚባለው መርዝ ፕሮቲን ስለሆነ ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ጥቂት ፍሬ ያኘከ ሕፃን ሊሞት ይችላል። እባካችሁ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አታስጡት።

መጭ ሌላው ነው፤ የኑግ የቅርብ ዘመድ፣ ቢጫ አበባ ያለው። ዘይቱ እንደ ኑግ በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ነው። ይህ አሲድ ሰውነታችን ሊሠራው የማይችለውና ቆዳ እርጥበቱን እንዲይዝ የሚረዳ ነው። በእኔ እምነት ከአረሞቹ ሁሉ ለቆዳ ቅባት መጀመሪያ ሊጠና የሚገባው መጭ ነው።

አስተናግር የሚባለውን አረም ግን ለቤት መድኃኒት አላስበውም። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የበላው ሰው ይቀባዥራል። ዘሩ ውስጥ ያለው አትሮፒን ሆስፒታል ውስጥ በፀረ ተባይ የተመረዘን ሰው ያተርፋል። ቤት ውስጥ ግን መጠኑን የሚለካ የለም።

ጅማ ለዚህ ጥናት የተመቸች ናት። በ1952 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የግብርና ትምህርት ቤትና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1999 እ.ኤ.አ. ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። አረሙን የሚለየው፣ ዘይቱን የሚመረምረውና መድኃኒቱን የሚቀምመው አንድ ቤት ናቸው።

መለየቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አርጌሞን የሚባለው እሾሃም አረም ዘሩ ጥቁርና ድቡልቡል ነው፣ ከሰናፍጭ ጋር ይምታታል። በ1998 እ.ኤ.አ. ዴልሂ ውስጥ ዘይቱ ከሰናፍጭ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ተሸጠ። የበሉት ሰዎች እግራቸው አበጠ፣ ልባቸው ደከመ፣ ከ60 በላይ ሞቱ። ዘይት ከመጭመቅ በፊት ዘሩን ሰፌድ ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ መልቀም የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።