ቅዳሜ ጠዋት ገና ሳይነጋ፤ የእንግሊዝን ኳስ ከአሜሪካ መከታተል

አሜሪካ ውስጥ የእንግሊዝ ክለብ መደገፍ የጠዋት ሥራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ኳስ የሚታየው ከሰዓትና ማታ ነው፤ ምሳ ተበልቶ፣ ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ወንበር ተይዞ። እዚህ ግን ለንደን ላይ ቅዳሜ 9 ሰዓት የሚጀመረው ጨዋታ ለኒውዮርክና ለዋሽንግተን ሰው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፣ ለሎስ አንጀለስ ሰው ደግሞ 1 ሰዓት። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። የቅዳሜው የመጀመሪያ ጨዋታማ ምሥራቁ ላይ 1 ሰዓት ተኩል፣ ካሊፎርኒያ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። እሱን ለማየት ማንቂያ ሞልቶ የሚተኛ ሰው ብዙ ነው።

በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይዛነፋል። ማርች ላይ አሜሪካ ከእንግሊዝ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማ ሰዓቷን ትቀይራለች፣ ኖቬምበር መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ ሳምንት ዘግይታ ትከተላለች። በእነዚያ ሳምንታት የአምስት ሰዓቱ ልዩነት አራት ይሆናል። በለመደው ሰዓት የመጣ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

እኔ የምሄድበት ቤት አንድ የአይሪሽ መጠጥ ቤት ነው። ጃንዋሪ ላይ 1 ሰዓት ስትደርስ ገና በደንብ አልነጋም። ወንበሮቹ ከማታው እንደተገለበጡ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ቀድሞ የገባ ሰው ያወርዳቸዋል። አስተናጋጇ ቡና ትቀዳለች። በብዙ ግዛቶች መጠጥ መሸጥ የሚጀመርበት ሰዓት በሕግ የተወሰነ ስለሆነ ቢራው ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሰዉ ወፍራም ካፖርቱን ሲያወልቅ ከሥሩ ማሊያ ብቅ ይላል። የልጁን ጋሪ እየገፋ የመጣ አባት አለ፤ ሌሊት ሠርቶ ሳይተኛ በቀጥታ የመጣ ነርስም አለ። ጎል ሲገባ ደግሞ፣ ሰፈሩ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ሠላሳ አርባ ሰው ባንድ ጊዜ ሲጮህ ቤቱ ቀውጢ ይሆናል። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስትወጣ ከተማው ገና ቁርስ እየበላ ነው። የአንተ ቀን ግን ተወስኗል፤ ወይ ደስ ብሎህ ትውላለህ፣ ወይ ስትቃጠል።

እንዲህ ያለ ቤት በየትልልቁ ከተማ አለ፣ ብዙ ጊዜም በክለብ የተከፋፈለ ነው። ቦስተን አጠገብ ካምብሪጅ ያለው ፊኒክስ ላንዲንግ የሊቨርፑሎች ቤት ተብሎ ይታወቃል፤ ኒውዮርክ ኢስት ቪሌጅ ውስጥ ያለው ኢሌቨንዝ ስትሪት ባርም እንደዚያው። እዚያው ኒውዮርክ ሦስተኛው ጎዳና ላይ የነበረው ኔቫዳ ስሚዝስ ዛሬ የለም፤ ግን ድሮ ኳስ የሚታይበት ቤት ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው ስም እሱ ነበር። ቤቶቹን ሕይወት የሚሰጧቸው የደጋፊ ማኅበራቱ ናቸው። አርሴናል አሜሪካን የመሰለው ማኅበር በየከተማው ቅርንጫፍ አለው። ለሥራ ወደማያውቀው ከተማ የተዛወረ ደጋፊ መጀመሪያ የሚያደርገው የክለቡን ቤት መጠየቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ማሊያውን ለብሶ ይገባል፣ እስከ እረፍት ድረስ ሦስት ጓደኛ አግኝቷል። ዘመድ በሌለበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሄ ሁሉ ግን ትናንት የመጣ ነው። በ1990ዎቹ የእንግሊዝ ኳስ ማየት የፈለገ ሰው የሳተላይት ሳህን ያለው መጠጥ ቤት ፍለጋ ይዞር ነበር፤ ቤቱም መግቢያ ያስከፍላል። ከ1997 ጀምሮ ፎክስ ስፖርትስ ወርልድ የሚባል ጣቢያ መጣ፣ በኋላ ስሙ ፎክስ ሶከር ቻናል ሆነ። ሴታንታ የሚባለው የአይሪሽ ጣቢያም ለመጠጥ ቤቶች ጨዋታ ይሸጥ ነበር፣ እስከ 2010 ቆየና ከአሜሪካ ወጣ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2013 ኤንቢሲ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የፕሪሚየር ሊጉን ጨዋታ ማሳየት ሲጀምር ነው። ለሦስት ዓመት መብት 250 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ያኔ ብዙ ነው ተብሎ ነበር። ከ2022 የጀመረው የስድስት ዓመት ውል ግን ወደ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ነው።

ኤንቢሲ አንድ ትክክለኛ ነገር አደረገ፤ ለአሜሪካዊው ብሎ ኳሱን አላቀለለውም። እንግሊዛዊቷን ሬቤካ ሎውን አቅራቢ አደረገ፣ ከአጠገቧ በእንግሊዝ የተጫወቱትን ሮቢ ኧርልና ሮቢ ሙስቶን አስቀመጠ፣ ሁሉንም ጨዋታ አሳየ። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ ከተሞች አደባባይ ላይ የጠዋት የደጋፊ ድግስ ያዘጋጃል። ሺዎች ገና ጎህ ሳይቀድ ተሰልፈው ይገባሉ። በየክለቡ ማሊያ ተቀላቅለው፣ እየተተራረቡ፣ እየዘፈኑ። እንግሊዝ ውስጥ የሁለት ተቀናቃኝ ክለብ ደጋፊዎች ስታዲየም ውስጥ በጠባቂና በፖሊስ ተለይተው ነው የሚቀመጡት። እዚህ ማንቼውና ሊቨርፑሉ አንድ ሶፋ ላይ ናቸው።

አሁን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካ ያለ ደጋፊ ከእንግሊዙ የበለጠ ኳስ በቴሌቪዥን ያያል። እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ የሚደረጉ ጨዋታዎች በቀጥታ አይተላለፉም። ሕጉ ከ1960ዎቹ የመጣ ነው፤ የበርንሊው ሊቀመንበር ቦብ ሎርድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ትልልቆቹን ክለቦች ካየ የትንንሾቹ ስታዲየም ባዶ ይቀራል ብሎ ተከራከረ፣ ሐሳቡም አሸነፈ። ስለዚህ ማንችስተር የሚኖር ትኬት ያጣ ደጋፊ የገዛ ክለቡን ጨዋታ በሬዲዮ ሲከታተል፣ ኦሃዮ ያለው ሰው ሶፋው ላይ ተጋድሞ በጥራት ያየዋል። የዓመቱ 380 ጨዋታ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ይታያል። ችግሩ መበታተኑ ነው። አንዱ ኤንቢሲ ላይ፣ ሌላው ዩኤስኤ ኔትወርክ ላይ፣ ቀሪው ፒኮክ የሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ነው። ሻምፒዮንስ ሊግ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ሲቢኤስና ፓራማውንት ፕላስ ጋ ሄዷል። አንድ ክለብ በሁሉም ውድድር ለመከታተል በየወሩ ሁለት ሦስት ቦታ መክፈል ግድ ነው፣ ይሄ በጣም ያናድዳል።

ክለብ እንዴት ይመረጣል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኔ ዋናው ነገር እሱ ነው። ሊቨርፑል ከተማ የተወለደ ልጅ ብዙ ምርጫ የለውም፤ አባቱ ቀይ (ሊቨርፑል) ነው ወይ ሰማያዊ (ኤቨርተን) ነው፣ አለቀ። አሜሪካዊው ግን አውቆ ይመርጣል። አንዱ በቪዲዮ ጌም የተጫወተበትን ክለብ ይዞ ይቀራል፣ አንዱ ለትምህርት ለንደን ሄዶ ያየውን። ብዙዎቹ ደግሞ የአገራቸውን ልጅ ተከትለው ነው የገቡት። ጆን ሃርክስ በ1993 በሊግ ካፕ ፍጻሜ ለሼፊልድ ዌንስደይ አርሴናል ላይ ሲያገባ በዚያ ዋንጫ ፍጻሜ ጎል ያገባ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። በረኛው ቲም ሃዋርድ ኤቨርተን አሥር ዓመት ቆየና ስንቱን የኤቨርተን ደጋፊ አደረገ።

ከሁሉም ግን ፉልሃም ይለያል። ብራያን ማክብራይድና ካርሎስ ቦካኔግራ በ2004 መጡ። ከዚያ ክሊንት ዴምፕሲ። አሜሪካውያን በመብዛታቸው ክለቡን ፉልሃሜሪካ እስከማለት ተደረሰ። ክለቡ ክሬቨን ኮቴጅ ስታዲየሙ ውስጥ መጠጥ ቤት በማክብራይድ ስም ሰይሟል። በማርች 2010 ፉልሃም በዩሮፓ ሊግ ጁቬንቱስን አስተናገደ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ጣልያን ላይ 3 ለ 1 ተሸንፏል። በመልሱ ገና በሁለተኛው ደቂቃ ትሬዜጌ አገባበት። ሰው ሁሉ በቃ አለቀ አለ። ፉልሃም ግን አንድ አገባ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድምሩ እኩል ሆነ። ከዚያ ዴምፕሲ ተቀይሮ ገባ። በ82ኛው ደቂቃ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ፊቱን ወደ ጎሉ አዙሮ ኳሷን ከሥሯ ቆረሳት፤ ኳሷ በበረኛው ራስ ላይ ቀስ ብላ አልፋ ማዶ ጥግ ገባች። 4 ለ 1። ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ የሥራ ሰዓት። ከሥራ ጠፍተው ያዩት ሰዎች ዛሬም የት እንደነበሩ ያስታውሳሉ።

አሜሪካዊውን የሚስበው ሌላው ነገር በአገሩ ስፖርት የማያውቀው ሥርዓት ነው። አርባ አምስት ደቂቃ ያለ ማስታወቂያ ይታያል። ከዚያ በላይ ደግሞ መውረድ የሚባል ነገር አለ። በአሜሪካ ሊጎች መጨረሻ የወጣ ቡድን አይወርድም። በኤንቢኤ (በቅርጫት ኳሱ) እና በኤንኤፍኤልማ (በአሜሪካን ፉትቦሉ) እንዲያውም ቀጣዩን ጎበዝ ወጣት የመምረጥ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ለዚህ ሰው ሦስት ክለብ ከሊግ ተባረረ ሲባል መጀመሪያ ይገርመዋል፣ ከዚያ ይለከፋል። በ2022 ሊድስ በአሜሪካዊ አሠልጣኝ በጄሲ ማርሽ ሥር ታይለር አዳምስንና ብሬንደን አሮንሰንን አመጣ፣ ቀጥሎ ማኬኒን ጨመረ። ብዙ አሜሪካዊ ያን ዓመት ሊድስ ሆነ። ማርሽ በፌብሩዋሪ 2023 ተሰናበተ፣ ክለቡም ሜይ ላይ ወረደ። ያኔ ጥለው ያልሄዱት ናቸው ደጋፊ የምላቸው። በ2025 ክለቡ ተመልሶ ሲወጣ ደስታው የእነሱም ነበር።

አሜሪካውያን የክለብ ባለቤት መሆናቸው ግን ጣጣ አለው። ግሌዘር የሚባሉት ቤተሰብ በ2005 ማንችስተር ዩናይትድን በብድር ገዝተው ዕዳውን ክለቡ ላይ ጫኑት። ተቃውሞው ብርቱ ነበር። የተወሰኑ ደጋፊዎች ተገንጥለው የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ፤ በ2010 ደግሞ ስታዲየሙ በአረንጓዴና በቢጫ ስካርፍ ተሞላ፣ ክለቡ ጥንት ኒውተን ሂዝ ሲባል የነበረው ቀለም ነው። ከዚያ ፌንዌይ ሊቨርፑልን፣ ክሮንኪ አርሴናልን፣ ቦህሊና ባልደረቦቹ በ2022 ቼልሲን፣ ፎሊ ቦርንመዝን፣ ፍሪድኪን ኤቨርተንን ያዙ። በኤፕሪል 2021 ትልልቆቹ ክለቦች ለብቻቸው ሊያቋቁሙት ያሰቡት የአውሮፓ ሱፐር ሊግ ሲታወጅ፣ ከገቡበት ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች ሦስቱ የአሜሪካውያን ነበሩ። ነገሩ በሁለት ቀን ፈረሰ፣ የሊቨርፑሉ ጆን ሄንሪም በቪዲዮ ይቅርታ ጠየቀ። አሜሪካዊው ደጋፊ በዚያ ሳምንት ከባለቤቶቹ ጋር ሳይሆን ከእንግሊዞቹ ጋር ነው የቆመው። እኔ በቅርብ አይቻለሁ፣ ሰዉ ከልቡ ተቆጥቶ ነበር።

በፈረንጆቹ በጋ ክለቦቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ኦገስት 2014 ሚቺጋን፣ አን አርበር ላይ ማንችስተር ዩናይትድ ከሪያል ማድሪድ ሲጫወት 109,318 ሰው ገባ። የወዳጅነት ጨዋታ ነው እኮ! በ2025 ደግሞ ቼልሲ ኒውጀርሲ ላይ ፒኤስጂን 3 ለ 0 አሸንፎ የዓለም ክለቦች ዋንጫን ወሰደ። በሴቶቹም መመላለሱ አለ። አሌክስ ሞርጋን በ2020 ለቶተንሃም ተጫውታለች። ከቼልሲ የመጣችው አሠልጣኝ ኤማ ሄይስ በ2024 የአሜሪካን ሴቶች ቡድን ለኦሎምፒክ ወርቅ አብቅታለች።

እኛ ሐበሾች ግን ክለብ አንመርጥም፣ ይዘነው እንመጣለን። አርሴ የሆነ ሰው ቦሌ ላይ ሻንጣውን ሲያስመዝን አርሴ ነው፣ ዳላስ ሲገባም አርሴ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሐበሻ ካፌ ግባ። ማኪያቶው፣ ክርክሩ፣ ዳኛውን መርገሙ፣ ሁሉም እንዳለ ተሻግሯል። ታክሲ የሚነዳው ተራ እየጠበቀ ስልኩን ፊቱ አቁሞ ያያል። ጎል ሲገባ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ቀድሞ ይጽፍለታል፤ ኢንተርኔቱ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ስለሚዘገይ ጎሉን ሳያየው ዜናው ይደርሰዋል። ብዙ ሰው ለዚህ ብሎ በጨዋታ ሰዓት ቴሌግራሙን ይዘጋል። ራሳቸው የሚጫወቱም ሞልተዋል። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ገደማ ውድድር ያካሂዳል። እዚያ ከሜዳው ውጪ የምታየው ማሊያ ግማሹ የእንግሊዝ ክለብ ነው።

እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ነገር ይለያል። አንድ ወዳጄ ማንቼ ነው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጁ ሲቲ ሆነ። ወዳጄ ከልቡ አዘነ። ቢሆንም እሑድ እሑድ አብረው ያያሉ፤ ልጁ በእንግሊዝኛ ያብራራል፣ አባት በአማርኛ ይሟገታል። የስድስት ዓመቷ እህቱ ደግሞ ላሸነፈው ታጨበጭባለች።

የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ እሑድ ሜይ ላይ ነው። አሥሩም ጨዋታ ባንድ ጊዜ፣ ምሥራቁ ላይ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ይጀመራል፤ ኤንቢሲም በጣቢያዎቹ ሁሉ በታትኖ አሥሩንም ያሳያል። ያን ቀን እኛ መጠጥ ቤት አንዱ ጥግ ዋንጫ ይጠበቃል፣ ሌላው ጥግ ላለመውረድ ይጸለያል። ጨዋታው አልቆ ሒሳብ ስንከፍል አስተናጋጇ ለበጋው ቅዳሜ ጠዋት እንደማይከፍቱ ትናገራለች። ኦገስት ላይ ግን 1 ሰዓት ላይ በሩ ክፍት ነው።