ማይሊንን የሚልጠው ማን ነው? መልቲፕል ስክለሮሲስ ከውስጥ ሲታይ

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤም ኤስ፣ የአንጎል፣ የህብለ ሰረሰርና የዓይን ነርቭ ሕመም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያንብቡልኝ።) በ1868 ፓሪስ ውስጥ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ሻርኮ የበሽተኞቹን ምልክት አንጎላቸው ላይ ካያቸው ጠባሳዎች ጋር አገናኝቶ በዝርዝር ጻፈው። የሕመሙ ስምም የመጣው ከእነዚሁ እዚህም እዚያም ከተበተኑ ጠባሳዎች ነው።

ማይሊን የነርቭን ረጅም ክር የሚጠቀልል፣ ቅባት የበዛበት ልባስ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የለበሰውን ፕላስቲክ አስቡት። ልዩነቱ ይሄኛው በየመሃሉ ክፍተት አለው፤ መልእክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይከንፋል። ልባሱ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይቀራል። አንዱ ዓይኑ ይደበዝዝበታል፣ ሌላው እግሩ ይደነዝዝበታል። ሙቅ ሻወር ወስዶ ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ዓይኑ የሚጋረድበትም አለ። የተላጠ ነርቭ ሙቀት አይወድማ።

በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ቶማስ ሪቨርስና ባልደረቦቹ ከጥንቸል አንጎል ያዘጋጁትን ፈሳሽ ለጦጣዎች ደጋግመው ወጉ። አንዳንዶቹ ጦጣዎች መራመድ አቃታቸው። አንጎላቸው ሲመረመር ማይሊኑ ተልጧል። ጥፋተኛው ጀርም ሳይሆን የራሳቸው የሰውነት በሽታ መከላከያ ነበር።

በኤም ኤስም በዋናነት የሚጠረጠሩት የዚሁ መከላከያ ክፍል የሆኑት፣ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ማይሊንን ለይተው የሚያውቁ ቲ ሴሎች በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ይዞራሉ። የኤም ኤስ በሽተኛ ላይ ግን ነቅተው፣ ቁጣ ይዘው ይገኛሉ። የደም ሥሩን ግድግዳ ሙጭጭ ብለው ይይዙና ወደ አንጎል ይሾልካሉ። እዚያ ሌሎች ሕዋሳት የማይሊን ቁራጭ ሲያሳዩአቸው እንደገና ይቀሰቀሳሉ፤ ሌሎችንም ይጠራሉ። ልባሱን እየገመጡ የሚውጡት ተጠርተው የመጡት፣ ማክሮፋጅ የሚባሉት ሕዋሳት ናቸው። በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ናታሊዙማብ የተባለ መድኃኒት የሚሠራው ሕዋሳቱ ግድግዳውን እንዳይዙ በማድረግ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፦ አንጎል ጠባቂ ሲያጣ፣ ተደብቆ የኖረ ቫይረስ አልፎ አልፎ ተነስቶ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግላቲራመር የተባለው መድኃኒት ታሪክ ነው። እስራኤል ውስጥ በቫይዝማን ኢንስቲትዩት እነ ሚካኤል ሴላና ሩት አርኖን የማይሊንን ፕሮቲን የሚመስል ሠራሽ ነገር አዘጋጁ። የፈለጉት እንስሳትን ለማሳመም ነበር። ያልጠበቁት ሆነ፤ ነገርየው ከሕመሙ ጠበቃቸው! በ1996 አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ።

ለረጅም ጊዜ ወሬው ሁሉ ስለ ቲ ሴል ነበር። በ2008 የወጣ ጥናት ግን ቢ ሴል የሚባሉትን ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ማጽዳት አዳዲስ ቁስሎችን በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳየ። ቢ ሴል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ማምረቱ ነው። ነገር ግን ከበሽተኞች ወገብ በሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ብዙም ሳይቀንስ ነው ሕመሙ ጋብ የሚለው። ስለዚህ የቢ ሴል ዋና ጥፋት ሌላ ቦታ ነው፦ ለቲ ሴል ዒላማውን ማሳየትና ነገር ማባባስ። በ2017 የተፈቀደው ኦክሬሊዙማብ የተባለ መድኃኒት የሚሠራውም በዚሁ መንገድ፣ ቢ ሴሎችን በማጽዳት ነው።

ቢ ሴል ውስጥ ተደብቆ የሚኖር አንድ ቫይረስ ደግሞ አለ፤ ኤፕስታይን ባር ይባላል። በ2022 ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ የፈተሸ ጥናት፣ ቫይረሱ ከያዛቸው በኋላ በኤም ኤስ የመያዝ ዕድላቸው በ32 እጥፍ መጨመሩን አሳየ። እንደዚያ ማይሊንን እንደሚያውቀው ቲ ሴል ሁሉ፣ ይህንን ቫይረስም አብዛኛው አዋቂ ሰው ተሸክሞት ይኖራል። የሚታመመው ግን ጥቂቱ ነው።