ጡረታዬ አብሮኝ መጣ፤ ሕክምናዬስ?

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለች ትንሽ ካፌ ጠዋት ጠዋት የምንገናኝ ሰባት ሰዎች አለን። ሁላችንም ውጭ አገር ስንሠራ ኖረን "በቃን" ብለን የተመለስን ነን፤ አብዛኞቻችን ስልሳ እንኳ አልሞላንም። ማኪያቶ የምታመጣልን ልጅ "ጡረተኞቹ" ትለናለች፤ ያወጣችልንን ስም ተቀብለነዋል። መጀመሪያ ወሬያችን የቦታ ዋጋና የዶላር ምንዛሪ ነበር። አሁን ግፊት፣ ስኳርና ፕሮስቴት ሆኗል።

ባለፈው ጥቅምት በዕድሜ የሚበልጠንን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለውን ሰው ደረቱን ወጋው። ተሯሩጠን ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰድነው። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ "አባባ፣ ኢንሹራንስ አለዎት?" ስትለው ላብ እያጠመቀው ከቦርሳው ቀይና ሰማያዊ መስመር ያለው የወረቀት ካርድ አውጥቶ ዘረጋላት። የሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን ካርድ ነው። ገልብጣ አየችው፤ እንደገና ገለበጠችው። ከዚያ በሁለት እጇ መለሰችለትና ወደ እኛ ዞራ "ዲፖዚት የሚያስይዝ ሰው አለ?" አለች። አስያዝን። የልብ ምርመራው ደህና ሆነ፤ ነገሩ ጨጓራ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠረጴዛችን ላይ ስለ ሕክምና የሚባለውን እየሰማሁ፣ ማታ ደንቡን እያነበብኩ ከረምኩ። ከምናወራው ብዙው ልክ አይደለም። የስህተቶቹም ሥር አንድ ነው፦ የጡረታ ገንዘብ ሰውን ይከተላል፤ የመንግሥት ሕክምና ግን መኖሪያን ነው የሚከተለው።

"ሠላሳ ዓመት ታክስ ከፍያለሁ፤ ሕክምናዬ የትም ብሆን ይከተለኛል"

ይህን የሚለው ሰው ቁጣ ይገባኛል፤ እኔም ቨርጂኒያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ ለሜዲኬር ተቆርጦብኛል። ግን ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ልዩ ሁኔታዎቹም ለምሳሌ ከአላስካ ወደ ሌላው የአሜሪካ ክፍል በካናዳ በኩል ሲጓዙ በድንገት መታመምን የመሰሉ ናቸው። አዲስ አበባ በየትኛውም በኩል አትገባበትም። ተጨማሪ መድን የገዙ ሰዎች ከአንዳንዶቹ የሜዲጋፕ ዓይነቶች ጋር የውጭ አገር ድንገተኛ ሕክምና ሽፋን ያገኛሉ፤ እሱም 250 ዶላር ከራስ ከተከፈለ በኋላ 80 በመቶ፣ ለጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ብቻ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ነው። ለዘመድ ጥየቃ ይበቃል። ኑሮውን እዚህ ለመሠረተ ሰው አይሆንም።

እንግሊዝ የኖሩትም ቢሆኑ ያው ናቸው። በ1948 እ.ኤ.አ የተቋቋመው የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት የሚጠይቀው "ስንት ከፈልክ?" ብሎ ሳይሆን "እዚህ ትኖራለህ ወይ?" ብሎ ነው። ጠቅልሎ የወጣ ሰው ለጉብኝት ሲመለስ ድንገተኛ ክፍል ሊታከም ይችላል፤ ሆስፒታል ከተኛ ግን ከአውሮፓ አገራት ውጭ እንደመጣ ጎብኚ ከመደበኛው ዋጋ 150 በመቶ ሊጠየቅ ይችላል። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ደግሞ ነዋሪዋ ውጭ አገር በድንገት ታሞ ሆስፒታል ቢተኛ በቀን ቢበዛ 400 የካናዳ ዶላር ትከፍላለች።

ከሕክምና ጋር ተያይዞ አብሮ የሚሻገር አንድ ነገር ግን አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። አሜሪካ እያለ የጤና ቁጠባ ሂሳብ፣ ማለትም ኤችኤስኤ የነበረው ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ እዚህ ለሐኪምና ለሆስፒታል ቢያውለው እዚያ እንደታከመ ይቆጠርለታል። ደረሰኝ መያዝ ነው። እኔ ደረሰኞቼን የማስቀምጠው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

"ሶሻል ሴኩሪቲ ሲጀምር ሜዲኬርም አብሮ ይጀምራል"

አይጀምርም። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ፣ ተቀንሶም ቢሆን በ62 ዓመት ይወሰዳል፤ ሜዲኬር የአካል ጉዳትና የተወሰኑ ከባድ ሕመሞች ከሌሉ በቀር 65ን ይጠብቃል። በ57 የወጣ እንደ እኔ ያለ ሰው ስምንት ዓመት ሜዳ ላይ ነው። ግለሰብ ራሱ የሚገዛው የኦባማኬር መድንም አሜሪካ ውስጥ መኖርን ይጠይቃል።

"እዚህ ለማልጠቀምበት የሜዲኬር ፓርት ቢ ለምን ልክፈል?"

እዚህ ላይ ጓደኞቼ ግማሽ ልክ ናቸው፤ እኔም ገና ልቤ አልቆረጠም። አሥር ዓመት የሠራ ሰው ከሜዲኬር ሆስፒታል መተኛትን የሚሸፍነውን ክፍል፣ ፓርት ኤን፣ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ያገኛል። የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምናው ክፍል፣ ፓርት ቢ፣ ግን ይከፈልበታል፤ በ2025 እ.ኤ.አ መደበኛው በወር 185 ዶላር ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጦ በየወሩ ይህን ያህል ለማይሠራ ካርድ መክፈል ያማል።

ቅጣቱ ግን አለ። 65 ሲሞላው ያልተመዘገበ፣ በሥራ በኩልም መድን የሌለው ሰው ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጭማሪውም ፓርት ቢ እስካለው ድረስ አይነሳለትም። ሦስት ዓመት የዘገየ ሰው በ2025ቱ ዋጋ በየወሩ 55 ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ይጨምራል ማለት ነው። በዚያ ላይ ታሞ በተመለሰበት ቀን አይመዘገብም፤ አጠቃላይ ምዝገባው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ብቻ ነው። ሚያዝያ ላይ የታመመ ሰው እስከሚቀጥለው ጥር ይጠብቃል። ስለዚህ ጥያቄው "እዚህ ይጠቅመኛል ወይ?" ሳይሆን "ሰባዬን ስሻገር ልጆቼ ጋ እመለሳለሁ ወይ?" ነው። ልጆቹ ሜሪላንድ ያሉት ጋሼ የከፈለው ለዚሁ ነው፤ የሳተው ካርዱን ያወጣበትን ቦታ ብቻ ነው።

"አውሮፓ ለጡረተኛ ነፃ ነው"

ከለንደን የመጣው ጓደኛችን አዲስ አበባ ስትበርድበት ስፔን እገባለሁ ይላል። የእንግሊዝ ጡረተኛ በስፔን የመንግሥት ሕክምና በአገሩ ወጪ የሚታከምበት ኤስ ዋን የሚባል ወረቀት በእርግጥ አለ፤ የሚሰጠው ግን የመንግሥት ጡረታ ለሚቀበል ነው፣ ያም ከ66 ዓመት በኋላ። ቀድሞ በራሱ ገንዘብ ጡረታ ለወጣ ሰው አይሰጥም። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ የግል መድን ይዞ ይገባል፤ አንድ ዓመት በነዋሪነት ተመዝግቦ ከቆየ በኋላ በወር 60 ዩሮ እየከፈለ፣ ከ65 በኋላ 157 ዩሮ፣ ወደ መንግሥት ሕክምና መግባት ይችላል። የፋርማሲ መድኃኒት በዚህ ውስጥ የለም። የኤስ ዋን ወረቀቱም አዲስ አበባ ላይ ዋጋ የለውም።

"ቢጫ ካርድ አለኝ፤ እንደ ማንም ዜጋ ጤና መድን እገባለሁ"

ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ በ1994 ዓ.ም በወጣው በአዋጅ ቁጥር 270 የመጣ ነው። ቪዛ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የሥራ ፈቃድ ከመለመን ገላግሎናል፤ ትልቅ ነገር ነው። የጤና መድን ካርድ ግን አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚባለው በወረዳ የሚሠራ፣ ቤተሰብ እንደ ቤተሰብ የሚመዘገብበት፣ በየዓመቱ መዋጮ የሚታደስበት ነው፤ የታሰበውም ደመወዝ ለሌለው፣ በእለት ሥራ ለሚያድር ሰው ነው። መክፈል ለማይችሉት መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ለደመወዝተኛና ለአገር ውስጥ ጡረተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ደግሞ በ2002 ዓ.ም ወጥቶ ለብዙ ዓመታት ወረቀት ላይ ቆይቷል። በዶላር ጡረታ የምንኖር ሰዎች ከሁለቱም በር ውጭ ነን።

የእህቴ ባል ባለፈው ዓመት "በእኛ ቤተሰብ ስም እናስገባህ፣ ማን ያውቃል?" ብሎኝ ነበር። ከቅንነት ነው ያለው። እኔ ግን ያ ገንዘብ ጉልት ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች መዋጮ መሆኑን ሳስብ አፈርኩ። ገብቼም ቢሆን የውጭ አገር ሕክምና፣ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈኑም፤ እኔን አሁን የቸገረኝ ደግሞ ጥርሴ ነው።

"መድን ከሌለኝ የመንግሥት ሆስፒታል አይቀበለኝም"

ይቀበላል። ካርድ ይወጣል፣ ምርመራው ይከፈላል፣ መድኃኒቱ ይገዛል። ዋጋውም ከግል ሆስፒታል ጋር አይነጻጸርም። የሚያስቸግረው ወረፋውና ሥርዓቱን አለማወቅ ነው። ከካፌያችን ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ በእግር ብትሄዱ ጥቁር አንበሳ ትደርሳላችሁ፤ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛው ሆስፒታል እሱ ነበር። ከጠረጴዛችን አንዱ ለስኳሩ ክትትል ቀጥታ እዚያ ሄዶ ካርድ ክፍል ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ ተመለሰ። ተናደደ፤ "አገሬ ገፋችኝ" አለ። አገሩ አልገፋችውም፤ ደረጃውን ዘሎ ነው። ከድንገተኛ በቀር መነሻው የሰፈር ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በሪፈር ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ስፔሻላይዝድ። በቂርቆስና በአራዳ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ለግፊትና ለስኳር ክትትል ይበቃሉ፤ እኔ የግፊት ክኒኔን የማሳድሰው እዚያው ነው። ነርሷ ስሜን ታውቃለች፣ ክብደቴንም ትቆጣጠራለች። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ነርስ አልነበረኝም።

ሌላም የማይታወቅ ነገር አለ። የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና፣ ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው የሚሰጡት። አንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎችም ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ጨመር ባለ ዋጋ የሚሠራ የግል ክፍል፣ ፕራይቬት ዊንግ የሚሉት፣ አላቸው፤ ያው ስፔሻሊስት፣ ያው ሕንፃ፣ ያነሰ ወረፋ። ለኪሳችን የሚስማማው መካከለኛ መንገድ ይህ ይመስለኛል። መድኃኒት ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ ከነማ ፋርማሲን ጠይቁ፤ የከተማው ስለሆነ ዋጋው ይሻላል፣ ካለ ማለቴ ነው።

የመኪና አደጋ ከሆነ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ ሲወጣ ለድንገተኛ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ይል ነበር። ያኔ ገንዘብ ነበር።

"የጉዞ ኢንሹራንስ አለኝ"

የጉዞ ኢንሹራንስ ተመልሶ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ነው። ቤትህ ካዛንቺስ ከሆነ ጉዞህ አልቋል። ለነዋሪ የሚሸጠው ዓለም አቀፍ የጤና መድን ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የነበረን ሕመም ወይ አይሸፍንም ወይ ያስጠብቃል። ስለዚህ የሚገዛው ጤነኛ እያሉ ነው፤ እኔ ዘግይቼበታለሁ።

"ከባሰብኝ ተሳፍሬ እመለሳለሁ"

ከቦሌ ዋሽንግተን ከአሥራ ሦስት ሰዓት በላይ ነው። ጉልበት ለማስቀየር ይሆናል፤ ልብ ግን አይጠብቅም። ለዚያኛው ስልክ ላይ 907 መያዝ ይሻላል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ።

መመለሱም በየአገሩ ደንቡ ይለያያል። እንግሊዝ ጠቅልሎ ለመኖር የተመለሰ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መታከም ይችላል፤ ለመኖር መመለሱን ማስረዳት ግን አለበት። ታክሞ ተመልሶ ለመሄድ ካሰበ ጎብኚ ነው። ኦንታሪዮ ካርዱ እንዳይሞትበት የሚፈልግ ሰው ዋና መኖሪያው እዚያ ሆኖ በማንኛውም 12 ወር ውስጥ 153 ቀን በግዛቲቱ መገኘት አለበት። በሌላ አነጋገር 212 ቀን መራቅ ይቻላል።

የቶሮንቶው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ደስ አለው። "ሰባት ወር በሠላሳ፣ ሁለት መቶ አሥር! ከመጋቢት እስከ መስከረም እዚህ ነኝ" ብሎ ካፌው ግድግዳ ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር በጣቱ እየቆጠረ ወረደ። ማኪያቶ የምታመጣልን ልጅ ትሪዋን ይዛ ከኋላው ቆማ ስታየው ቆየችና፣ "ጋሼ፣ ጳጉሜን ረሷት እኮ" አለችው።