ክላስ ዋን ሜዲካል ምንድን ነው? መነጽርህን አውልቅ ያለህ የለም

«መነጽር ካደረግክ አብራሪነትን እርሳው።» ይህችን ነገር ማየት ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ጨመረበት፦ «ክላስ ዋን የሚያልፈው እንከን የለሽ ሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ ዓይንህን በሌዘር ታከምና ከዚያ አመልክት።» የአብራሪዎችን ጤና የምመረምር ሐኪም ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ክላስ ዋን የንግድ በረራ አብራሪዎች የሚይዙት የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ክላስ ቱ ለግል አብራሪ፣ ክላስ ስሪ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነው። ዝቅተኛው መስፈርት በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ማለትም በአይካኦ፣ አኔክስ 1 (ስለ ላይሰንስ በሚደነግገው አባሪ) ላይ ተጽፏል። አገሮች ከዚያ ተነስተው የየራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ። ማብረር መቻልህን የሚመሰክረው ላይሰንሱ ነው። ላይሰንስ ይዘህ ሜዲካልህ፣ ማለትም የጤና ምስክር ወረቀትህ፣ ጊዜው ካለፈበት ግን አትበርም።

ወደ መነጽሩ ልምጣ። አኔክሱ ለክላስ ዋን የሚጠይቀው እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ቢያንስ 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት)፣ ሁለቱ አብረው ቢያንስ 6/6 (እንደ ጤነኛ ዓይን) እንዲያዩ ነው፤ በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር። ሰው ሁሉ የሚዘላት ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ነው። ያለ መነጽር ምን ያህል ታያለህ ለሚለው አኔክሱ ገደብ አላስቀመጠም። ግዴታህ መነጽሩን አድርገህ ማብረርና ትርፍ መነጽር አጠገብህ መያዝ ነው። የአየር ኃይል ምልመላ ወይም የአንዳንድ ቀጣሪዎች መስፈርት ከዚህ ሊጠብቅ ይችላል። ወሬው የተነሳውም ከዚያ ይመስለኛል። የቀጣሪ ምርጫ ግን የላይሰንስ ሕግ አይደለም።

«እንከን የለሽ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። የሌሊት ዘበኛ ስትቀጥር ሩጫ አታወዳድረውም። የምትፈራው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ድንገት እንዳይተኛብህ ነው። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ይህ ሰው ሜዲካሉ እስኪያልፍበት ድረስ በረራ ላይ ሳለ ድንገት ከሥራ ውጭ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? መነጽር ዘበኛ አያስተኛም። ለዚህ ነው ማራቶን የሚሮጠውን ወጣት ኩላሊቱ ውስጥ ጠጠር አግኝተን ልናግደው የምንችለው፤ በተፈቀደ መድኃኒት ግፊቱ የተስተካከለለትን የ50 ዓመት ካፒቴን ደግሞ የምናሳልፈው። ጠጠር ሲንቀሳቀስ ቀጠሮ አይሰጥም። ሕመሙ ጠንካራውን ሰው አጥፎ ያስቀምጣል። የሚጥል በሽታ ላይ የምንጨክነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ግቢው ሁለት ዘበኛ ካለው ስጋቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አንዳንዱ አብራሪ ሜዲካሉ ላይ «ከሌላ አብራሪ ጋር ብቻ ይብረር» ተብሎ ይጻፍበታል። ሁለት አብራሪ ባለበት በረራ ብዙዎቻችን የምንሠራበት መለኪያ በዓመት 1 በመቶ ነው። ድንገት ከሥራ ውጭ የመሆን ዕድሉ ከዚያ ካልበለጠ ሰውየው ሊበር ይችላል። ዜሮ ካልሆነ ብንል ኮክፒቱ ባዶ ይቀር ነበር። (ቁጥሩ ለልብ በሽታ ጥሩ ይሠራል። የአእምሮ ጤናን በመቶኛ መናገር ግን ከባድ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ደግሞም ዘበኛው ራሱ ትኩሳት ሲይዘው መናገር አለበት። የ12 ወር ሜዲካል ኪስህ ውስጥ አለ ማለት በማንኛውም ቀን ለመብረር ብቁ ነህ ማለት አይደለም። አኔክሱ ጤናው እንደተጓደለ እያወቀ የሚበርን አብራሪ ይከለክላል። በጉንፋን የተደፈነ ጆሮ አውሮፕላኑ ሲወርድ ክፉኛ ያማል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የምትገዛው የጉንፋን ኪኒንም ሊያስተኛህ ይችላል። ያኔ መነጽር የሌለው ዓይንህ አያድንህም።

ከዓይን ነገር መጨነቅ ካማረህ የቀለም መለየትን አስቀድመህ ተመርመር። ቀይና አረንጓዴን አለመለየት በመነጽር አይስተካከልም። የኢሺሃራ ነጠብጣቦች (በቀለም ነጠብጣብ ውስጥ የተደበቀ ቁጥር የሚያስነብበው ፈተና) ላይ መሳሳት ብቻውን ግን በር አይዘጋም። የሲግናል መብራቶችን በትክክል መለየት መቻልህ በሌላ ፈተና ሊታይ ይችላል። ውጤቱን ለበረራ ትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት እወቀው እንጂ በኋላ አይሁን።

የሌዘሩ ምክር ነው ከሁሉም ያበሳጨኝ። ሕክምናው በራሱ አይከለክልም። ግን እንደታከምክ ወዲያው አትበርም፤ እይታህ እስኪረጋ ይጠበቃል። ሌሊት መብራት ዙሪያ የብርሃን ቀለበት የሚያሳይ ጠባሳ ከተወብህማ ላታልፍም ትችላለህ። በመነጽርህ ብትመጣ ሜዲካልህ ላይ አንድ መስመር ይጨመር ነበር።